የጦር ሰፈር ሴት

ባለፈው ዓመት ላሊበላ ሄጄ ከመናኸሪያ ወደ ከተማው ባጃጅ ይዤ ስወጣ መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች አስቆሙን። በርሜል ጥደው ሬንጅ ያፈላሉ። ጭሱ ባጃጁ ውስጥ ሲገባ ሾፌሩ አፍንጫውን በሻርፑ ሸፈነ። እኔ አንገቴን ወደ ውጭ አውጥቼ ደጋግሜ ሳብኩት።

«ሬንጅ ይወዳሉ እንዴ?» አለኝ።

«የአራተኛ ክፍል ሽታዬ ነው» አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፣ እኔም አላስረዳሁትም።

አራተኛ ክፍል የተማርኩት ብልባላ ነው፣ ከአባቴ ታላቅ እህት ከይታይሽ ዘንድ ተቀምጬ። የእኛ ቀበሌ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ስለነበር አባቴ በመስከረም መጨረሻ አንድ ቁና ገብስና ደብተሮቼን አህያ ላይ ጭኖ ወሰደኝ። እናቴ አልወደደችውም። በዋዜማው ከጓዳ ሆና «ልጄን ከዚያች ከጦር ሰፈር ሴት ቤት?» ስትል ሰምቻታለሁ። አባቴ የመለሰው «እህቴ ናት» ብቻ ነው።

ጦር ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አያቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰክቷል። ሰፈርም አውቃለሁ። ሁለቱን ሳገጣጥማቸው አክስቴ ተዋጊ ሆነችብኝ፤ ባለ ጦር ሴት። ብልባላ እስክንደርስ ድረስ ልቤ በደስታ ሲመታ ነበር። በደረስኩ በማግስቱ አክስቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ቤቱን በረበርኩት። አልጋው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ፣ ከጎታው ኋላ ደግሞ የተሰነጠቀ ጋን አገኘሁ። ጦሩ የለም።

«ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ ስትመለስ። ገና በሩን አላለፈችም ነበር።

«ምንም።»

«ሻንጣውን ስትመልሺው እጀታውን ወደ ግድግዳ አዙረሽዋል። ወደ በሩ ነበር።»

እንዲህ ያለች ሴት ነበረች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገር የማታበዛ። ባልም ልጅም የላትም። ደጃፍ ተቀምጠን ሽንብራ ስንለቅም ድንገት ቀና ብላ «ከተቀመጥን ወዲህ ስንት አህያ አለፈ?» ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ? «አሥራ አንድ» ትላለች፤ «አንዷ በኋላ እግሯ ታነክሳለች። ባለቤቷ አላየም።» ለእኔ ጨዋታ ነበር። ጥቂት ቆይቼ እኔም መቁጠር ጀመርኩ፣ ግን አንድም ቀን አሸንፌያት አላውቅም።

ሰዎች ይርቋት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ሴቶቹ ትንሽ ፈቀቅ ይሉና በእሷና በእነሱ መካከል አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ይቀራል። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ማኅበር ሲጠጡ እሷ የለችበትም። ተዋጊ ስለሆነች የሚፈሯት መስሎኝ እኔ በዚያ ባዶ ቦታ እኮራ ነበር። ሆን ብዬ እግሬን ዘርግቼ እቀመጥበታለሁ።

ያን ዓመት ቻይናዎች መንገዱን እየሠሩ ነበር። ከከተማው ዳር በቆርቆሮ የታጠረ ካምፕ ነበራቸው። አክስቴ እዚያ ወጥ ቤት ትሠራለች፤ እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። ከበሩ ስገባ መጀመሪያ የሚቀበለኝ ሬንጁ ነው፣ ቀጥሎ የገልባጭ መኪኖቹ ናፍጣ፣ ከዚያ ከወጥ ቤቱ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ጥብስ። አፈሩን የሚደመድመው ሩሎ ሲያልፍ መሬቱ ይንቀጠቀጥና መደርደሪያው ላይ ያሉት ሳህኖች በአንድነት ይንጫጫሉ።

የመንገዱ ቀያሽ ሴት ናት፣ ቻይናዊት። ትክክለኛ ስሟን ሠራተኛው ሁሉ መጥራት ስላቃተው «ልኬ» ይላታል፤ ከስሟም ጋር ይቀራረባል፣ ቀኑን ሙሉም ስትለካ ነው የምትውለው። አጭር ናት፤ ከፀሐይ የሚከልላት ሰፊ ቀይ ቆብ አላት። ባለ ሦስት እግር ብረቷን ኮረብታ ላይ ትተክልና አንድ ዓይኗን ጨፍና በመነጽሩ ታያለች፣ ከዚያ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። በዚያ መነጽር የቤት ግድግዳ አልፎ ውስጡ የሚታይ ስለመሰለኝ በእኛ ቤት በኩል ስታዞረው ሮጬ አልጋዬን አነጥፍ ነበር።

አማርኛ የተማረችው ከአክስቴ ነው፣ ወጥ ቤት ቆማ። የቤተ ክርስቲያኑን መርጌታ «አንተ ደህና ነህ?» ትላቸዋለች፤ ውኃ የምታመላልሰውን አህያ ደግሞ «እርስዎ ይለፉ» ትላለች። መርጌታው ስቀው ተዉላት።

በገና ሰሞን ካምፑ ለሠራተኞቹ የዘመን መቁጠሪያ አደለ። ቀኑን የሚያነበው አልነበረም፤ ፊደሉም አቆጣጠሩም የእነሱ ነው። ሥዕሉ ግን ያምር ነበር። አክስቴ የራሷን ከአልጋዋ ራስጌ ሰቀለችው። አንዲት ሴት ናት፣ ፊቷ እንደ ዱቄት የነጣ፣ ራሷ ላይ ሁለት ረጃጅም የወፍ ላባ፣ በእጇ ጦር፣ ከጀርባዋ ደግሞ አራት ባለ ሦስት ማዕዘን ነገሮች እንደ ክንፍ ተዘርግተዋል። ባለ አራት ክንፍ መልአክ ናት ብዬ እሑድ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ተሳለምኳት። አክስቴ ከበሩ ሆና አየችኝና ግድግዳ ተደግፋ እስክትቀመጥ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ልኬ ቡና ልትጠጣ ቤታችን ስትመጣ አክስቴ «እስቲ ለዚች ልጅ ንገሪያት» አለቻት።

ልኬ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ ቃል እየፈለገች ነገረችን። «ይሄ ሴት፣ ጀነራል። ዱሮ። አገሯ ተራራ ነው፣ እንደ ላስታ። ባል ወታደር መራ። ባል ሞተ። ከዚያ እሷ መራች። ንጉሥ ራሱ ግጥም ጻፈላት።»

«ክንፏስ?» አልኩ።

«ክንፍ አይደለም። ባንዲራ። ቴያትር ላይ ጦር የሚመራ ሰው ባንዲራ ጀርባው ላይ ያስራል። እውነት ጦርነት ላይ የለም። ንፋስ ይጥላል።»

ሌላም ነገረችን። ባሏ በወንዝ ላይ በጀልባ ሲዋጋ ከከፍታ ቆማ ከበሮ እየመታች ለወታደሩ ልብ የሰጠች ሴት እንደነበረች፤ ከዚያም እጅግ ቀድሞ የኖረች፣ መቃብሯ ሲቆፈር ከእሷ ጋር የተቀበረ የጦር መጥረቢያ የተገኘላት የንጉሥ ሚስት እንደነበረች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሁለቱን ሴቶች በየተራ እያየሁ ተዋጊዎች እንዲህ ነው ለካ ሲገናኙ የሚጫወቱት አልኩ በልቤ።

አክስቴ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ቀና ሳትል «ሰላይስ? በናንተ አገር ሴት ሰላይ ነበረች?» አለች።

«ሰላይ ምን ማለት?»

«ሳትታይ የምታይ። አይታ ለሌላ የምትናገር።»

ልኬ ገባት። «አለ። ብዙ አለ። ግን ሥዕል የለም።» ቆይታ ጨመረች። «የእናቴ እናት። ጠላት ወደ አገራችን መጣ። እሷ ትንሽ ልጅ፣ አሥራ አምስት ዓመት። ጫማ ትሰፋለች፣ የጨርቅ ጫማ። ወረቀት ጫማ ውስጥ ከታች ትሰፋለች። ጫማ አድርጋ በወታደር መካከል ትሄዳለች። ጦርነት አለቀ። ማን ያምናል? እስክትሞት ጫማ ትሰፋ ነበር። ለእኔ ብቻ ነገረችኝ።»

አክስቴ የቀነጠሰችውን ጎመን አጥባ አስቀመጠችና ያንኑ ጎመን መልሳ ታጥበው ጀመር።

ጥፋቱን የሠራሁት በዚያው ሳምንት ነው። ትምህርት ቤት አጠገቤ የምትቀመጠው ስንዱ የአያ ሞላ የልጅ ልጅ ናት። አያ ሞላ በሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ድንበር የሚዳኙት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ስንዱ በዚያ ቀን ስለ አጎቷ ስለ ደሳለ ታወራ ነበር። በደርግ ጊዜ ከገበያ ታፍሶ ወታደር እንደሆነ፣ በጦርነቱ እንደሞተ፣ ፎቶግራፉ በመስታወት ሆኖ ቤታቸው ግድግዳ ላይ እንዳለ። ልጆቹ ሁሉ እሷን ከበው ይሰማሉ።

እኔ ደግሞ ቀናሁ። «የእኛ ቤት የሚመጡት ይበልጣሉ» አልኩ። «ልኬ ሰላይ ናት።»

«ምን?»

«ሰላይ ናት። አያቷም ሰላይ ነበረች። በዚያ መነጽር ሁሉን ታያለች። ቤተ ክርስቲያኑንም፣ መቃብሩንም። አይታ ትጽፋለች።»

ሙገሳ መስሎኝ ነው የተናገርኩት። ስንዱ ለአያቷ ነገረች፣ ሌሎቹም ለየእናቶቻቸው። ከዚያ ወዲያ ወሬው የእኔ አልነበረም። አንዱ ልኬ ጽላቱ ያለበትን እየለካች ነው አለ፤ ሌላው የአባቶቻችንን አፅም ሊያወጡ ነው አለ። በዚሁ መካከል በመቃብሩ አጥር ሥር ጫፋቸው ቀይ የተቀቡ ችካሎች ተተክለው ተገኙ።

ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን ነበር። እኔ ጨው ልገዛ ተልኬ ስመለስ ከመቃብሩ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ብቅ ስል ምናልባት ሠላሳ ሰው ቆሟል። ልኬ ባለ ሦስት እግሩን በሁለት እጇ አቅፋ መሐል ላይ ናት። ቀይ ቆቧ መሬት ወድቋል። አያ ሞላ የብረቱን አንድ እግር ይዘዋል፤ ሌሎቹ ደግሞ ደብተሯን ከቦርሳዋ ለማውጣት ይታገላሉ። ልኬ አማርኛው ሁሉ ጠፍቶባት በራሷ ቋንቋ ነበር የምትናገረው። ከኋላ አንድ ሰው ድንጋይ ወረወረ። ድንጋዩ ችካሉን መትቶ ነጠረ። ሌሎችም ሲያጎነብሱ አየሁ።

«ሰላይ ናት» አሉ አያ ሞላ። «ልጆቹ ሳይቀሩ ያውቁታል።»

ያልኩት እኔ ነኝ ማለት እየፈለግሁ ሮጬ ወደ ካምፑ ሄድኩ። አክስቴን ግን መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ሰምታ ኖሮ ሽርጧን እንደታጠቀች እየመጣች ነበር። ሰዉን በክርኗ እየከፈለች ገባችና ከልኬ ፊት ቆመች። እጇ ላይ ሊጥ ደርቆ ነበር።

«ማነው ሰላይ ያላት?»

«አንቺ ዞር በይ፣ ይታይሽ» አሉ አያ ሞላ። «ይህ ነገር አያገባሽም።»

«ያገባኛል። ሰላይ እንዲህ አይሰልልም፣ አያ ሞላ። ቀይ ቆብ አድርጎ ኮረብታ ላይ አይቆምም። ያየውን በአደባባይ አይጽፍም፣ ችካልም ቀይ አይቀባም። ሰላይ እንዴት እንደሚሰልል ከእናንተ መካከል የማውቅ እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሰልያለሁ።»

አንድ ሰው ሳቀ። «የት? ለወታደር ጠላ ስትቀጂ?»

«አዎ። ጠላ ስቀዳ።»

ከዚያ ነገረቻቸው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ልጅ ሳለች ከፍላቂት ማዶ መንገዱ ዳር በነበረ ጦር ሰፈር በር ላይ ጠላ ትሸጥ ነበር። የጫካ ሰዎች መጡና አይተሽ ንገሪን አሏት። ማንበብ መጻፍ አትችልም። ስለዚህ በነጠላዋ ጫፍ እህል ትቋጥር ነበር፤ ለአንድ መኪና አንድ ባቄላ፣ ለአንድ መድፍ አንድ አተር፣ ለአሥር ወታደር አንድ ሽንብራ። ገበያ ስትወርድ እህል ከምትሸጥ አንዲት ሴት ዘንድ ቁና የምትሰፍር መስላ ቋጠሮውን በሴትየዋ ቅርጫት ላይ ትፈታዋለች። ሌላ ነገር የለም። አንድም ቀን ጠመንጃ አልያዘችም።

«እኔን የጦር ሰፈር ሴት ትሉኛላችሁ» አለች። «አልዋሻችሁም፣ ነበርኩ። ስሙንም አውቄ ነው የተሸከምኩት።»

«ኋላ ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?» አለች አንዲት ሴት። «ያሸነፉት የነገርሻቸው ሰዎች አይደሉም?»

አክስቴ እጇ ላይ የደረቀውን ሊጥ ፈቀፈቀች። አያ ሞላ ግን የብረቱን እግር ለቅቀው ነበር። «የት ነው ያልሽው?» አሉ።

«ከፍላቂት ማዶ።»

«ልጄ እዚያ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አያ ሞላ። ደሳለን አውቀዋለሁ። ሰፈሩ ሊመታ ሲል የመጨረሻውን ሽንብራ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

እኔ እዚያ ቆሜ ነው የገባኝ። ጦር የሚለውም፣ ሰፈር የሚለውም፣ በቤተ ክርስቲያን እግሬን የዘረጋሁበት ባዶ ቦታም። አያ ሞላ አክስቴን ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የልኬን ቆብ ከመሬት አነሡ፣ አቧራውን አራገፉ፣ ለልኬ ሰጧትና ዱላቸውን ይዘው ሄዱ። ሰዉም አንድ ሁለት እያለ ተከተላቸው።

ልኬ አማርኛዋ የተመለሰው ያኔ ነው። እያለቀሰች ችካሎቹን አሳየችን። «ቀይ ማለት አያልፍም። መቃብር እዚህ፣ መንገድ እዚያ። ይታይሽ ነገረችኝ፣ መቃብር አለ አትንኩ አለች። እኔ ቀይ ቀባሁ።»

ቤት ስንገባ ለአክስቴ ተናዘዝኩ። ሰላይ ናት ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ጥሩ ነገር መስሎኝ እንደሆነ፣ እሷም ተዋጊ መስላኝ ጦሯን አልጋ ሥር እንደፈለግሁ ሁሉንም ዘከዘክሁት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። ውኃ አምጥታ ፊቴን አጠበችኝ።

«ጦሩን ነበር እንዴ ያን ቀን?» አለች። «እኔ ደግሞ ስኳር ነው ብዬ።»

«እትዬ፣ ሰላይ መሆን መጥፎ ነው?»

ፊቴን በነጠላዋ አበሰችና አሰበች። «ያን ጊዜ ልክ ነው ያልኩትን ነው ያደረግሁ። ዛሬም አልካደውም። ግን ሽንብራ አድርጌ የቋጠርኳቸው ልጆች ጠላ ሲጠጡ ስማቸውን ነግረውኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ሁለት ሆነ። አንዳንዶቹ ቤታችን መምጣት ጀመሩ፤ ማኅበር ግቢ ያሏትም ነበሩ። አንዳንዶቹ ድሮ ይሰጧት የነበረውን ሰላምታ እንኳ ተዉ። አያ ሞላ ከቤታቸው አልወጡም። ስንዱ ቦታ ቀይራ ከፊት ወንበር ተቀመጠች። አክስቴ እንደ ወትሮዋ ሥራዋን ትሄዳለች፤ ደጃፍ ተቀምጠን ስንለቅም ግን አህያ መቁጠሩን ተወችው። እኔም አልጠየቅኋትም።

ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ወደ ሰቆጣ ሲዘልቅ ካምፑ ተነሣ፤ ልኬም አብራ ሄደች። የተሰናበቱ ዕለት ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከካምፑ በር ቆሙ። ልኬ መኪናው ላይ ከወጣች በኋላ በመስኮት ዞር ብላ «እትዬ ይታይሽ፣ እርስዎ ደህና ይሁኑ» አለቻት። አንድም ስሕተት የለበትም።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ መልስ አክስቴ ሽሮ ጥዳ እኔ የቤት ሥራዬን ስሠራ ደጃፉ ጨለመ። አያ ሞላ ናቸው። ዱላቸውን ከውጭ አስደግፈዋል።

አክስቴ ብድግ አለች። «ይግቡ» አለች።

ገቡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው፤ ይዘውት ቆዩ እንጂ አልጠጡትም።

«ልጄን አውቀዋለሁ ብለሻል» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«ከገበያ ነው የወሰዱብኝ። እኔ በሬ ልሸጥ ወርጄ ከወዲያኛው ጫፍ ነበርኩ። ስንብት እንኳ የለን። ከዚያ አንድ ፎቶግራፍ ላከ፣ ከዚያ መርዶው መጣ። ከፎቶግራፉ እስከ መርዶው ዓመት ከመንፈቅ ነው። ያን ጊዜ ምን እንደበላ፣ ከማን ጋር እንደዋለ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።»

አክስቴ ቆማ ትሰማለች። እሳቱ ላይ ያለው ሽሮ ይንተከተካል፤ ማማሰያውን ከእጇ ወስጄ እኔ ማማሰል ጀመርኩ።

«ግራኝ ነበር» አለች። «ዋንጫውን በግራው ነበር የሚያነሣው። ሌሎቹ ይስቁበት ነበር።»

«እናቱም ግራኝ ናት» አሉ አያ ሞላ።

«ጠላ ብዙ አይጠጣም። አንድ ዋንጫ ይዞ እስከ ማታ ይቆያል። ወሬ ነበር የሚፈልገው። የላስታ ሰው መሆኔን ሲያውቅ ስለ ብልባላ እየጠየቀ አላስቀምጥ አለኝ። ከድንኳኑ ኋላ ደግሞ ጎመን ተከለ።»

«ጎመን?»

«ጎመን። ወታደሩ በታጠበበት ውኃ ያጠጣዋል። አለቃው ቢቆጣው ለእሱም ቀንጥሶ ሰጠው።»

አያ ሞላ ሊስቁ ሲሉ አፋቸውን በእጃቸው ያዙት። አክስቴ ፊቷን ከእሳቸው ሳታዞር «አያ ሞላ» አለች፤ «ስቆጥር እሱንም ቆጥሬዋለሁ።»

«ሰምቻለሁ። በሰው ፊት ተናግረሽዋል።» ጣሳውን በእጃቸው አዞሩት። «እሱን እኔም አንቺም አንፈርደውም፤ ለፈጣሪ ነው። ለእሱ አልመጣሁም።» ውኃውን ጠጡና ጣሳውን መሬት ላይ አኖሩት። «ስለ ጎመኑ ንገሪኝ።»

አክስቴ ከመደቡ ሌላ ጫፍ ተቀመጠች።

«አምስት ትልም ነበር» አለች። «አንደኛው ትልም ብዙም አልያዘለት፣ ድንጋይ ነበረበት። ያን ድንጋይ በሰንጢ ሲለቅም ሁለት ቀን ዋለ…»